ውዳሴ ለጡብ ቆጣሪዎች

ሠለስቱ ምዕት በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ ተሰብስበው ስለ ወልድ ባሕርይ ሲመክሩ፣ በዚያው ዘመን በቆስጠንጢኖስ ገንዘብ ማተሚያ ቤቶች የተቀመጡ ቀራጮች በነሐስ ሳንቲም ጀርባ ላይ የምሽግ በር ይቀርጹ ነበር፤ ጸሐፍተ ታሪክ ግን በስንፍናቸው ጉባኤውን ብቻ ዘግበው፣ በሩ ስንት ረድፍ ጡብ እንደነበረው ሳይጠይቁ አለፉ። ይህን ነውር ከሰው ልጅ ላይ ያራቁልን የዘመናችን ሳንቲም ሰብሳቢዎች ስለሆኑ ውዳሴ ይገባቸዋል።

ሊቃውንቱ በአጉሊ መነጽር ረድፉን ይቈጥራሉ፤ ስድስት ያለው አንድ ወገን፣ ሰባት ያለው ሌላ ወገን ነው። ከበሩ በላይ በማማዎቹ መካከል ኮከብ ቢገኝ፣ አንድም የንጉሡ ክብር ነው፣ አንድም የማተሚያ ቤቱ ምልክት ነው፣ አንድም የቀራጩ እጅ ስቶ ያሳረፈው ጭረት ነው እያሉ በመምህራነ አንድምታ ሥርዓት ያትታሉ፤ ሦስተኛውን ግን ፈጠን ብለው ያልፉታል። ሳንቲሙ የሚመታበት ማኅተም በሰው እጅ ይቀረጽ እንደነበረ፣ በመዶሻ ብዛት ሲሰነጠቅ ሌላ ይተካ እንደነበረ፣ ስለዚህም ሁለት ማኅተሞች ፍጹም አንድ ሊሆኑ እንደማይችሉ የሚያስታውሳቸው ቢነሣ፣ አርዮስን ያህል ይወገዛል።

ስለ ወታደሮቹማ ምን ልበል! ከ330 ጀምሮ በሳንቲሙ ጀርባ ላይ ሁለት ወታደሮች ሁለት ዓርማ በመካከላቸው አቁመው ይታዩ ነበር፤ በ335 ገደማ ዓርማው አንድ ሆነ፤ ይህን ያልመረመረ ከማኅበሩ ይለያል። በዚያው ጊዜ ሳንቲሙ ራሱ እንዳነሰና እንደቀለለ ግን፣ ዳቦ ልትገዛ ገበያ የወጣች ሴት ከሁሉም ቀድማ ሳታውቀው አትቀርም፤ ምን ይሆናል፣ እርሷ መዝገብ አልጻፈችም።

ከ348 ወዲህ ደግሞ በዳግማዊ ቆንስጣንዮስ ሳንቲም ላይ አንድ አረማዊ ከፈረሱ ወድቆ በሮማዊ ጦር ይወጋል። ምስኪኑ በጣዕረ ሞት ሳለ የሚቀርብለት ጥያቄ፣ ቆብ ደፍተሃል ወይስ ራስህ ባዶ ነው፣ እጅህን ወደ ወጊህ ዘርግተሃል ወይስ የፈረስህን አንገት ይዘሃል፣ የሚል ነው፤ እንደ መልሱም ክፍልና ቍጥር ተሰጥቶት ከመሰሎቹ ጋር ይሰደራል። በራሱ ላይ የሚታየው ቆብ ይሁን ዝገት ክርክር በተነሣ ጊዜ፣ ባለቤቱ ሳንቲሙን ከማጠብ በጥብቅ ይታቀባል፤ ቆቡ ከውኃው ጋር ከሄደ ዋጋውም አብሮ ይሄዳልና።