«ሞተሩ ደህና ነው»

ደሴ ፒያሳ ላይ ሰው ሲታመም ሐኪም ፍለጋ ይሄዳል፤ መኪና ስትታመም ግን ሐኪሙ ራሱ ይመጣል፤ ያውም በደቦ። የእኔዋ ቪትዝ መሪ በተጠመዘዘ ቁጥር ከፊት እግሯ «ጠቅ ጠቅ ጠቅ» ማለት የጀመረች ሰሞን፣ ፒያሳ ላይ አዙሬ ለመመለስ ስታገል ሊስትሮው ከጫማው ቀና ሳይል «ኩሽኔታ ነው» ብሎ ፈረደ። መንገድ የዘጋሁበት ባለባጃጅ አንገቱን አውጥቶ «የጎማህ ብሎን ላልቷል፤ ቀድሞህ ሳይሄድ ውረድና እሰረው!» አለኝ። ቡና የምትሸጠው ልጅ ጠጠር ነው ባይ ናት። አጠገቤ የተቀመጡት አጎቴ ሁሉንም በትዕግሥት ካዳመጡ በኋላ መደምደሚያውን ሰጡ፦ «አብሽር፤ ሞተሩ ደህና ነው።»

የእኔ ጠብ ከዚህ ከሞተር አምልኮ ጋር ነው። መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሰው ኮፈኑን ያስከፍታል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ ጆሮውን ደግኖ ራሱን ይነቀንቃል። ምን እንደሰማ ቢጠየቅ መልስ የለውም፤ ግን ሰምቷል። ተንበርክኮ ከጎማው ጀርባ ያለውን የሚያይ አንድ እንኳ አይገኝም፤ ሱሪው ይቆሽሻላ! ሞተር የፈለገውን ያህል ቢያገሳ ግን ጉልበቱ ጎማው ጋ ካልደረሰ እዚያው ቆሞ ነዳጅ የሚጠጣ ጉረኛ ነው። ጉልበቱን የሚያደርሰው ሴሚያክስ ነው፤ ሴሚያክሱ ጫፍ ላይ ያለው ደግሞ መካኒኮች ሲቪ ጆይንት የሚሉት፣ ቡጢ የሚያህል ብረት ነው።

ሥራው ከባድ ነው። ካምቢዮው ከሞተሩ ጋር ታስሮ ቦታው ላይ ተቀምጧል። ጎማው ግን አርፎ አይቀመጥም፤ ጉድጓድ ሲያገኝ ይወርዳል፣ ጉብታ ሲያገኝ ይወጣል፣ የፊት ጎማ ከሆነ ደግሞ መሪው ባዘዘው ቁጥር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይታጠፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ዘንግ እንግዲህ እየዞረ መታጠፍ፣ እየታጠፈ መዞር አለበት። ለዚህም በየጫፉ አንዳንድ ጆይንት ተገጥሞለታል፤ ለሁለት ሴሚያክስ አራት መሆኑ ነው። በካምቢዮው በኩል ያለው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይንሸራተታል፤ ጎማው ሲወርድና ሲወጣ ርቀቱ ይለዋወጣልና። በጎማው በኩል ያለው ደግሞ መሪው እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ ወደ 45 ዲግሪ መታጠፍ ይችላል። ያ የተቆጣኝ ባለባጃጅም ከመቀመጫው ኋላ ከሞተሩ ወደ ሁለቱ ጎማዎች የሚሄዱ ሁለት አጫጭር ዘንጎች አሉት፤ ያወቀ አልመሰለኝም።

ድሮ ይህ ጣጣ አልነበረም። ዲኤክስ ቶዮታም ሆነ ላዳ የፊት ጎማቸው መንገድ ይመርጣል እንጂ አይጎትትም፤ የሚገፋው የኋላው ነው። ጉልበቱ በመኪናው ሆድ ሥር በረጅም ዘንግ ወደ ዲፈረንሻሉ ይሄዳል፤ መታጠፊያው ላይ ያለችው ክሮቸራ ናት። ከአሰብ ተነስተው በባቲ በኩል ኮምቦልቻ ይገቡ የነበሩት ፊያት ኤንትሬዎችም ያን ሁሉ ጭነት የጎተቱት በእሷው ነው። ክሮቸራ በጥንት ስሟ የካርዳኖ መጋጠሚያ ትባላለች። ጂሮላሞ ካርዳኖ (እ.ኤ.አ. 1501–1576) ሐኪምም፣ የሒሳብ ሊቅም፣ ለይቶለት ቁማርተኛም የነበረ ጣሊያናዊ ነው። በእኛ አገር ቢወለድ ኖሮ ጥርጥር የለውም ደላላም ይሆን ነበር።

ክሮቸራ ጠንካራ ናት፤ ጠባይዋ ግን እኩል አይደለም። በ17ኛው መቶ ዓመት እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እንዳጠናው፣ ዘንጉ ቀጥ ባለ ጊዜ የሰጧትን ፍጥነት ሳትቀንስና ሳትጨምር ታደርሳለች፤ ሲታጠፍ ግን ትዛባለች። በ30 ዲግሪ ብናጥፋት፣ የሰጠናት ፍጥነት 100 ቢሆን የምትመልሰው በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ወደ 87 ይወርዳል፣ ሁለት ጊዜ ደግሞ ወደ 115 ይወጣል። ሆድ ሥር ባለው ዘንግ ይህ ብዙ አያስቸግርም፤ ማዕዘኑ ትንሽ ነው፣ ደግሞም በዘንጉ በሁለቱም ጫፍ አንዳንድ ስላለች፣ የፊተኛዋ ያዛባችውን የኋለኛዋ ታቃናለች። ብቻዋን የፊት ጎማ ላይ ብትገጠም ግን በየኩርባው መሪው እጃችን ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ችግሩ በጥይት ተፈታ ማለት ይቻላል፤ በብረት ጥይት። በአሜሪካ ፎርድ ኩባንያ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ አልፍሬድ ርዜፓ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ላይ ስድስት ድቡልቡል ጥይቶችን በውስጥና በውጭ ቦይ መካከል አስገብቶ የሚዞር ጆይንት ሠራ። ብልሃቱ ጥይቶቹ የሚቀመጡበት ቦታ ነው፤ ዘንጉ የቱንም ያህል ቢታጠፍ፣ እነሱ ምንጊዜም በማዕዘኑ እኩሌታ ላይ ይሆናሉ። ልክ እንደ ደህና የወሎ ሽማግሌ ወደ ባልም ወደ ሚስትም አያደሉም። ወደ ማንም ስላላደሉ የገባው ፍጥነት ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣችው ትንሿ ሚኒ ይህንን ጆይንት የፊት ጎማዋ ላይ ገጥማ ተሳካላት፤ ከዚያ ወዲህ ትናንሽ መኪናዎች በብዛት ከፊት የሚጎተቱ ሆኑ። ቪትዝም የዚያ ዘር ናት።

ታዲያ ርዜፓ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን ሐረጎን አያውቅም ነበር። ከደሴ ኮምቦልቻ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚህች አጭር መንገድ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል። የቪትዝ ጎማ አንዴ ሲዞር 1.8 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ ኮምቦልቻ እስክንደርስ ያ ጆይንት ወደ 14,000 ጊዜ ይዞራል፣ ኩርባው በበዛበት ሁሉ ደግሞ እየታጠፈ። ዳገቱን ስንወጣ ሞተሩ ጎማውን ይገፋል፤ ቁልቁለቱን በማርሽ ስንወርድ ጎማው ሞተሩን ይገፋል። ጥይቶቹ በመውጣት የቦዩን አንድ ጎን፣ በመውረድ ሌላውን ይፍቃሉ። በሁለቱም በኩል ይበላል ማለት ነው፤ አንዳንድ ሰው እንዲህ ዓይነት ሥራ ቢያገኝ ደስ ባለው።

እንዲያም ሆኖ ሲቪ ጆይንት በሥራ ብዛት ብቻ ቶሎ አይሞትም። የሚገድለው ልብሱ ነው። ላዩ ላይ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ጎማ ለብሷል፤ ውስጡ ግራሶ ተሞልቷል። ይህ ልብስ በዕድሜ ወይም በድንጋይ ሲቀደድ ግራሶው በዙሩ ተፈናጥሮ ይወጣል፣ በምትኩ አቧራና ጭቃ ይገባል። ግራሶና አሸዋ ሲቀላቀሉ ደግሞ የብረት መሞረጃ ይወጣቸዋል።

ከአጎቴ ጋር መኪናዋን ይዘን የሄድንበት የኮምቦልቻ መካኒክ ምርመራው አጭር ነው። ገላጣ ቦታ ወሰደንና «መሪውን እስከ ጥግ ጠምዝዝና ቀስ ብለህ ዙር» አለኝ። እሱ ጎንበስ ብሎ ከጎን ከጎን ተራመደ። «ጠቅ ጠቅ» ስትል አንድ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ፤ ይኼኛው ነቅናቂ ግን የሰማውን ያውቃል። ስትዞር ጠቅ ጠቅ ካለች የውጪው ጆይንት ነው፤ ቀጥ ባለ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ከተንቀጠቀጠች የውስጡን መጠርጠር ነው አለ። በክሪክ አንስቶ ጎማውን ሲያወልቀው የቸርኬው ውስጥ ጥቁር ግራሶ ተረጭቶበታል፤ ልብሱ ዙሪያውን ተቀዷል። አጎቴ ለረጅም ጊዜ አፍጥጠው አዩና «ሞተሩስ?» አሉ።

«ሞተሩ ደህና ነው፣ አባባ።»

«ብያለሁ!» አሉና ወደ እኔ ዞሩ።

ዕቃ መግዛቱ ሌላ ወግ ነው። ባለሱቁ ሦስት ጆይንት ደረደረ፤ ሦስቱም ኦሪጅናል ናቸው። «ልዩነታቸው ታዲያ ምንድን ነው?» ብለው «ዋጋቸው» አለኝ፤ እንዲህ ዓይነት ቀጥተኛ ነጋዴ በዘመናችን ብርቅ ነው። ከጆይንቱ ጋር አዲስ ልብስ፣ ግራሶና ማሰሪያ ያለበት ከረጢት መጣ። ምክር ቢጤ ከተፈቀደልኝ፣ ጎሚስታ ቤት ጎማ ሲወልቅ በእግረ መንገድ ያን ልብስ ዓይታችሁ እለፉ። ገና ስንጥቅ ሳለ ልብሱንና ግራሶውን ብቻ መቀየር ይቻላል፤ ድምፅ ካሰማ በኋላ ግን ጆይንቱን ነው የምትገዙት።

መካኒኩ አሮጌውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ፤ ሳይቀየር ተቀየረ አለኝ እንዳልል። እናቴ በእጇ መዝና «ይኼ ነው ያን ሁሉ ብር?» ብላ በር ማስደገፊያ ልታደርገው አሰበች። የግቢው ልጆች ግን ቀደሟት፤ ፈልቅቀው ስድስቱን ጥይቶች ተካፈሉና ብይ መጫወቻ አደረጓቸው። ብረት ብርጭቆን መታ፣ የሰፈሩ ብይ በሙሉ ተሰነጠቀ፣ የጎረቤት እናቶች አቤቱታ ይዘው መጡ። ድርሻ ያልደረሰው ትንሹ ልጅ ደግሞ መኪናዬን ከፊት ከኋላ ዞሮ መረመረና በትሕትና ጠየቀኝ፦ «ጋሼ፣ በዚያኛው በኩል ያለው መቼ ነው የሚበላሸው?»