ያው ነው

«ያው ነው» አለኝ የመለዋወጫ ሱቁ ልጅ። ያለኝ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። ሻይ ሳማስል «ያው ነው»፣ ታክሲ ወረፋ ላይ ቆሜ «ያው ነው»። ሰው ዘፈን አፉ ላይ ይቀርበታል እንጂ በሁለት ቃል ይለከፋል?

ነገሩን ከሥሩ ላንሳው። ሰፈሬ ዓለም ባንክ ነው። ስሙን የሰማ እንግዳ ሰው ዶላር በኩንታል የምናስገባ ይመስለዋል። በደርግ ጊዜ በዓለም ባንክ ብድር ቤት የተሠራበት ሰፈር ስለሆነ ነው፤ ባንኩ ወደ አገሩ ሄደ፣ ስሙ ለታክሲ ረዳት ቀረ። እንግዲህ እዚህ ሰፈር፣ ከጎመን መደብ በቀር የሚታረስ መሬት በሌለበት፣ ጎረቤቴ ጋሼ ግቢያቸው ውስጥ ትራክተር አቁመዋል። ማሲ ፈርጉሰን 135። በወጣትነታቸው አርሲ ውስጥ የነዱት ዓይነት ነው። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ሱቅ ይከፍታል፤ እሳቸው የዛገ ብረት ገዝተው ሁለት ዓመት ፈቀፈቁ፣ ቀይ ቀለም ቀቡ፣ ሞተሩንም አስነሱ። አሁን ሁሉ ነገሩ ደኅና ነው፤ ስቅታ ብቻ ይዞታል።

ከኋላው ያሉት ሁለት የሃይድሮሊክ ክንዶች ማረሻውን አንስተው ይቆማሉ፤ ጥቂት ቆይተው ዝቅ ይላሉ፣ ደንገጥ ብለው ደግሞ ከፍ። ስቅ፣ ስቅ። ሞተሩ ሲጠፋማ ዝም ብለው ይወርዳሉ። የምንሰበሰበው የቤቱ እመቤት እትዬ ቡና ሲያፈሉ ስለሆነ ሰዓት የምንይዘው በስኒ ነው፤ አቦል ሳይቀዳ ማረሻው መሬት ይነካል።

ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ሆነ። ሚኒባስ የሚነዳው «ፓምፑ ነው፣ ቀይሩት» አለ። ሌላው «ዘይት አንሶት ነው» አለ። እትዬ ደግሞ «ዓይን ነው፤ ማን ቀይ ቅቡት አላችሁ?» አሉ። ጋሼ ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ፣ «ፓምፑ ቢሆን መች ያነሳው ነበር? ሞተር ሲጠፋ ፓምፑም ተኝቷል፤ የተኛ ሰው አይሰርቅም። ሌባው ሲሊንደሩ ውስጥ ነው» አሉ። ልክ ነበሩ። ዘይቱ በፒስተኑ ዙሪያ በተጠመጠመችው ኦሪንግ በኩል ያመልጣል፤ ሞተሩ ሲሠራ ፓምፑ ያመለጠውን ይተካል፤ ስቅታው ይኸው ነው።

ይህቺን የሕፃን አምባር የምታክል ላስቲክ ለማውጣት ከካምቢዮው ጋር የሚጋራው 30 ሊትር ያህል ዘይት ይቀዳል፣ ወንበሩ ይነሳል፣ ክዳኑን አራት ሰው ይሸከማል። ከአራቱ አንዱ እኔ ነበርኩ። በ1964 እ.ኤ.አ. የወጣ የእንግሊዝ ሞዴል ነውና ብሎኑ ሁሉ በኢንች ነው፤ እኛ ደግሞ በሚሊሜትር ቁልፍ፣ ካቻቢቴና ጓርኒሲዮን እያልን በጣልያንኛ እንፈታዋለን። ግማሽ ኢንች 12.7 ሚሊሜትር ነው። 13 ቁልፍ የያዘው ይመስላል። ይመስላል ነው ያልኩት፤ የተረፈችው ሦስት ዐሥረኛ የእጄን አንጓ ልጣ ነው የሄደችው።

ከዚያ ነው ሱቅ የተላክሁት። ልጁ አሮጌዋን ከአዲሷ አጠገብ አስቀምጦ በአንድ ዓይኑ አየና ፈረደ። «በኢንች ናት በሚሊ?» አልኩት። «ወንድሜ፣ ያው ነው።»

እዚህ ላይ ትራክተሩ ስሙን ስለወረሰው ሃሪ ፈርጉሰን ካላወራሁ አይወጣልኝም። በ1909 እ.ኤ.አ. ራሱ በሠራው አውሮፕላን የበረረ አየርላንዳዊ ነው፤ ከሰማይ ሲወርድ ግን ልቡ ማረሻ ላይ አረፈ። በዚያን ጊዜ ትራክተር የሚጎትተው ማረሻ ድንጋይ ሲነክስ ትራክተሩ ፊቱ ሽቅብ ይነሳና ነጂው ላይ ይገለበጥ ነበር። ፈርጉሰን ማረሻውን በሦስት ነጥብ ከትራክተሩ ጋር አጣብቆ፣ መሬቱ ሲከብድ ሃይድሮሊኩ ራሱ ተሰምቶት ማረሻውን ቀለል እንዲያደርግ አደረገ። አያቴ እርፍ ጨብጠው በአንጓቸው ያደርጉት የነበረውን ማለት ነው፤ እሳቸው ግን የባለቤትነት መብት አላስመዘገቡም። በ1938 ፈርጉሰን ከሄንሪ ፎርድ ጋር ያለ ወረቀት፣ በእጅ ተጨባብጠው ተስማሙ። በኋላ የፎርድ የልጅ ልጅ ውሉን ትቶ በ1947 የራሱን ትራክተር አወጣ፤ ሃይድሮሊኩ የፈርጉሰን ነበር። ያው ነው ማለቱ ነዋ! ፈርጉሰን አልዋጠለትም፤ 251 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ከሰሰና በ1952 በ9.25 ሚሊዮን ታረቁ። በዓመቱ ኩባንያውን ከማሲ ሃሪስ ጋር ሲያዋህድ በአንድ ሚሊዮን ዶላር ተከራከሩ፤ እንግዲያስ ሳንቲም እንወርውር አለ፣ ተወረወረ፣ ተሸነፈ። ሰውየው በሚሊዮን ዕጣ ጣለ፤ እኔ በአንዲት ላስቲክ እንቅልፍ አጣሁ።

ላስቲኳን አስገባን፣ ክዳኑን መለስን፣ ዘይቱን ሞላን። ማረሻው ተነሳ፤ አቦል ተቀዳ፣ ተጠጣም። ተሳካ ብለን ስንሳሳቅ፣ ስቅ! ቶና ሳይደርስ ወረደ። እንደገና ተፈታ። ላስቲኳ ተቆርጣለች።

ያናደደኝ ላስቲኳ አይደለችም። ከልጁ ራስ በላይ፣ መደርደሪያው ላይ፣ አዲስ ካሊፐር ለሽያጭ ተሰቅሎ ነበር! እጁን ቢዘረጋ ይደርስበት ነበር። ቢዋሸኝ እንኳ ይሻለኝ ነበር፤ የሚዋሽ ሰው ልኩን ለራሱ ያውቃል። ይኼ ግን አልለካም፤ ሊለካም አላሰበም። የሞተር ዘይት በሃይድሮሊክ ዘይት ፈንታ፣ ያው ነው። የስምንት ብረት በዐሥር ፈንታ ኮለን ውስጥ፣ ያው ነው። እኛ እኮ ከዚያ ኮለን በላይ ነው የምንተኛው!

ይህን እየጮኽኩ ስናገር ጋሼ ጨርቅ ላይ እጃቸውን ይጠርጉ ነበር።

«ይህቺ ቃል በእኛም ጊዜ ነበረች» አሉ ቀስ ብለው። «ትራክተሩ ሲመጣ ባለመሬቱ ምን አለ መሰለህ? ጭሰኛው ይሂድ፣ ይኼም ያርሳል። ጎጆ የነበረበትን አርሻለሁ፤ ምድጃው ገና አመድ ነበረው።»

ዝም አልኩ። አርሲ፣ ጭላሎ ውስጥ በስዊድን ርዳታ ካዱ የተባለው የእርሻ ልማት ድርጅት የተቋቋመው በ1967 ነው፤ ትራክተሩ በበዛ ቁጥር ጭሰኛው ይነቀል ነበር። ጭሰኝነትን ያስቀረው የመሬት አዋጅ የታወጀውም የካቲት 25 ቀን 1967 ነው። አንዱ በፈረንጅ፣ አንዱ በእኛ። ቁጥሩ ያው ነው፤ በመካከሉ ግን ከሰባት ዓመት በላይ አለ፤ ያን ያህል ጊዜ ውጭ ማደር ለሰው ቀላል አይደለም።

ትክክለኛዋን ላስቲክ በመጨረሻ መርካቶ አገኘናት፤ ሽማግሌው ሻጭ ሁለት ጊዜ ለክተው ነው የሰጡን። እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም። አሁን ማረሻው ቶናን ያልፋል። ትናንት በረካ ሊቀዳ ሲል ሁላችንም ስኒውን ትተን ማረሻውን እናያለን። አንዲት፣ በጣም ቀጭን፣ ስቅ።

«ሰው ሲያረጅ ስቅ አይለውም?» አሉ ጋሼ።

ቫልቩም ሊሆን ይችላል ልል ስል ዝናብ መጣ። ትራክተሩን ሸራ ልናለብስ ተሯሯጥን። እኔ በፊት፣ ጋሼ በኋላ ይዘን ስንስብ ሸራው አንድ ክንድ ያህል አነሰ፤ ክንዶቹ ውጭ ቀሩ። ከየት እንደገዙት አልጠየቅኋቸውም።