ዋካንዳ በባሕሪ፦ በአንድ የጀግና ፊልም ሁለተኛ ክፍል ላይ የተነሣ የላይ ቤትና የታች ቤት ክርክር

ባሕሪ ከካርቱም በጥቁር ዓባይ ማዶ ትገኛለች። ከ1981ዱ መፈንቅለ መንግሥት ወዲህ አብዛኞቹ የሱዳን ሲኒማ ቤቶች ስለተዘጉ፣ እዚያ የነበረው ሐበሻ ፊልም የሚመረምረው ጀበና አጠገብ ነበር። ስልኩ የስኳር ቆርቆሮ ተደግፎ ይቆምና፣ ዝንጅብል የገባበት ቡና ይቀዳና፣ ጉባኤው ይከፈት ነበር።

ለዚህ ጥናት የተመረጠው «ብላክ ፓንተር፦ ዋካንዳ ፎሬቨር» ኅዳር 2 ቀን 2015 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ ወጣ። ባሕሪ የገባው ያለ ቪዛ ነው፤ በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ ተመልካቾቹ አይለይም። ርዝመቱ 161 ደቂቃ ሲሆን የመጀመሪያውን ክፍል በ27 ደቂቃ ይበልጠዋል። ጭማሪው ምን ላይ ዋለ በሚለው ሊቃውንቱ ለሁለት ተከፍለዋል።

ላይ ቤት፣ ማለትም ቡና የሚያፈሉት እናቶች፣ ጭማሪው ለቅሶ ላይ መዋሉን ያጸድቃሉ። የምናባዊቷን አፍሪካዊት አገር የዋካንዳን ንጉሥ የተጫወተው ቻድዊክ ቦስማን ነሐሴ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ስላረፈና በሌላ ተዋናይ ስላልተተካ፣ ፊልሙ በቀብር ይጀምራል። አገሬው ነጭ ለብሶ፣ ከበሮ እየመታ ይሸኘዋል። የልብሱ ባለሙያ ሩት ካርተር በሁለቱም ክፍሎች ኦስካር ወስዳለች። የላይ ቤት ብያኔ፦ «እድራቸው ጠንካራ ነው።»

ታች ቤት፣ ማለትም የራክሻ (የባጃጅ) ሾፌሮቹና የቀን ሠራተኞቹ፣ በዚህ አይስማማም። አንድም ሟቹ ሲያጣጥር አልታየም፤ አንድም እህቱ ሹሪ የጀግናውን ጭምብል ያጠለቀችው ተመልካቹ ማዛጋት ከጀመረ በኋላ ነው፤ አንድም ከአዲሱ ጠላት የድሮው ይሻል ነበር፤ እሱንም ለጥየቃ ያህል ብቅ አድርገው መለሱት።

አዲሱ ጠላት ናሞር የውሃ ውስጥ ንጉሥ ነው፤ የዋካንዳን ዋና ከተማ በጎርፍ ያጥለቀልቃል። እዚህ ላይ፣ የ2012ቱን የክረምት ጎርፍ ባሕሪ ያሳለፈ ሱዳናዊ ጎረቤት «ውሃውን የለቀቀው ማነው?» ብሎ ጠይቋል። ጥያቄው ስለ ፊልሙ ይሁን ስለ ሕዳሴ ግድብ አልተረጋገጠም፤ ሐበሾቹ ግን በአንድ ጊዜ ስኒ ማጠብ ጀምረዋል።

ሁለቱ ቤቶች በአንድ ጉድለት ይስማማሉ። ቅኝ ያልተገዛች አፍሪካዊት አገር መኖሯን ያለ ክርክር ተቀብለዋል፤ እንዲያውም ሐሳቡ ከማን እንደተወሰደ ያውቃሉ። የበረታባቸው ሌላ ነው፤ በ161 ደቂቃ ውስጥ አንድም ዋካንዳዊ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ለማደስ ሲሰለፍ፣ ከሻ (የፖሊስ አፈሳ) መጣ ሲባል ጀበናውን አንጠልጥሎ ሲሮጥ አይታይም። ቅኝ አልተገዛችም፣ ልጆቿም አልተሰደዱም የሚለውን አንድ ላይ ማመን ከተመልካች ብዙ መጠየቅ ነው ተብሏል።

የጥናቱ ውስንነት፦ መረጃ ማሰባሰቡ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በቀዳም ሹር፣ ካርቱም ላይ በተነሣው ጦርነት ተቋርጧል። ከሊቃውንቱ ብዙዎቹ በመተማ በኩል አገር ገብተዋል። በፊልሙ ምባኩ የተባለው የተራራው ሹም፣ ናሞር ከተገደለ ጦርነቱ ማብቂያ እንደማይኖረው ለሹሪ ይነግራታል፤ እሷም በመጨረሻ ጦሯን ከአንገቱ ታነሣለታለች። ታች ቤት ይህን ፍጻሜ «ይዛ ለቀቀችው እንዴ?» ብሎ አጥብቆ ነቅፎት ነበር። ከመተማ በኋላ ነቀፋውን አንሥቷል፤ ስለ ዘገየው ጭምብል ግን አቋሙ እንደጸና ነው።