ማን አሳደደህ?

እስራኤልን በአንድ ሙሉ ታንክ ቤንዚን መጨረስ ይቻላል። ከሰሜኑ ጫፍ ከመቱላ ተነስቶ ቀይ ባሕር ዳር እስካለችው ኤላት ድረስ መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሆንዳ ኤስቲ 1100 የምትባለው ሞተር ሳይክል ደግሞ 28 ሊትር ትይዛለች። በ100 ኪሎ ሜትር አምስት ሊትር ተኩል ብትጠጣ፣ ማደያ ሳትረግጥ አገሩን ከራስጌ እስከ ግርጌ ለክታው ትገባለች። ከዚያ ወዲያ ያለው ወይ ባሕር ነው፣ ወይ እንደ ልብ የማይታለፍ ድንበር። ጃፓኖቹ ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ ሲያወጧት «ፓን ዩሮፒያን» ብለው ነው የሰየሟት፤ አውሮፓን ከዳር እስከ ዳር ወገብ ሳታሳምም እንድታዞር ታስባ። እንግዲህ እንዲህ ያለች ሞተር ረሆቮት ከተማ፣ ቂርያት ሞሼ ሰፈር፣ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ሥር ቆማ ምን ትሠራለች ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ ባለቤቴ ቀድማ ስለጠየቀች ተራውን ይጠብቅ።

«ባትሪ ብቻ ነው የሚያስፈልጋት» አለኝ ሻጩ። ያገለገለ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ከመርካቶ እስከ ያፎ አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማረው። እ.ኤ.አ. የ1995 ሥሪት ናት፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የእርሻ መንደር፣ የዶሮ ቤት በነበረ መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ቆማለች። የጠየቀኝ ገንዘብ የአንድ ወር የቤት ኪራይ አይሞላም። ባትሪም ገዛሁላት። ከዚያ በኋላ ያስፈለጋት ነገር ሁሉ ግን የባትሪው ታናሽ ወንድም ሆኖ ተከተለ። አየር ማጣሪያው ውስጥ አይጥ ወልዳ፣ አሳድጋ፣ ልጆቿን ድራ ወጥታለች፤ የበሉት የሱፍ ቅርፊት እስከ ዛሬ ከየጉድጓዱ ይለቀማል። የታንኩ ቤንዚን ወደ ቫርኒሽነት ተለውጧል። የፊት ፍሬን ነክሶ አለቅም ብሏል። ፍሬቻው አንዴ ከበራ መጥፋት አያውቅም። ካንዴላዎቹን አለማውራት ይሻላል።

ክብደቷ ወደ 300 ኪሎ ይጠጋል። አጼ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከጋፋት መቅደላ ድረስ ሲያስጎትቱ መድፉ ሰባት ቶን ገደማ ነበር፤ እሳቸው ግን ሠራዊት ነበራቸው። እኔ ከጭነት መኪናው ላይ ሳወርዳት የነበሩኝ ወታደሮች ሁለት የልጄ ጓደኞች ናቸው፤ አንዱማ ስልኩን ከእጁ አላወጣም፣ ይቀርጸን ነበር።

አጎቴ የደረሱት ያን ጊዜ ነው። ዕድሜያቸው ወደ ሰማንያው ይጠጋል፤ ቤታቸው ከእኛ ሁለት መንገድ አልፎ ነው፤ ሰፈሩ ውስጥ ሰው ሲሰበሰብ ካዩ ለቅሶም ይሁን ሠርግ ሳይለዩ ይመጣሉ። ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ከዘራቸውን ተደግፈው፣ ዙሪያዋን አይተው ጨረሱና፦

«ምንድን ነች ይቺ?»

«ሞተር ሳይክል ናት፣ አጎቴ።»

«ዶቅዶቄስ አውቃለሁ። ይሄን ያህል አክላ ምን ታደርግልሃለች?»

«ለመዞር። አገር ለማየት።»

ትንሽ አሰቡ። «ማን አሳደደህ?» አሉኝ።

አይፈረድባቸውም። አጎቴ ከጎንደር፣ ከአምቦበር አቅራቢያ ከነቤተሰባቸው ተነስተው ሱዳን የገቡት እ.ኤ.አ. በ1984 በእግራቸው ነው፤ ቀን ተደብቀው፣ ሌሊት እየተጓዙ። በእሳቸው መዝገብ መንገድ የሚወጣው የግድ ሲሆን ነው። ቤት፣ ቡናና ጡረታ ያለው ሰው ሄዶ፣ አይቶ፣ ተመልሶ ለመምጣት 28 ሊትር ቤንዚን ያቃጥላል ብትሏቸው፣ ሐኪም ዘንድ ወሰዳችሁት ወይ ይላሉ። እኔ እ.ኤ.አ. በ1991 በአውሮፕላን የመጣሁ ሰው ነኝ፤ ያኔ ልጅ ነበርኩ። ሞተር ሳይክል የማውቀው የወባ መከላከያ ሠራተኛው በያማሃ ሲያልፍ አቧራውን እየበላን ከኋላው ስንሮጥ ነው። ያ አቧራ ይመስለኛል እስከ ዛሬ ያልወጣልኝ።

አጎቴ አገራቸው ላይ ቀጥቃጭ ነበሩ። ይህን የማያውቅ አንባቢ ቢኖር፦ ጎንደር አካባቢ ቤተ እስራኤል መሬት ሲነፈግ እጁን ርስት አድርጎ ኖሯል። ወንዱ ብረት ይቀጠቅጣል፣ ይሸምናል፣ ግንብ ይሠራል፤ ሴቷ ሸክላ ትሠራለች። ገበሬው ማረሻውን፣ ማጭዱን፣ መጥረቢያውን ከእኛ ሰው ይወስዳል፤ ሲመሽ ደግሞ ቡዳ ነው፣ ጅብ ይሆናል ብሎ በሩን ይዘጋል። ጠዋት ማረሻው ሲደነዝዝ ያው ጅብ ዘንድ ተመልሶ ይመጣል። እዚህ አገር ማረሻ የሚያስቀጠቅጥ አልተገኘም። አጎቴ ጡረታ እስኪወጡ መጥረጊያ ይዘው ነው የሠሩት፤ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ብረት የጠየቃቸው ሰው አላየሁም። እኔንም ጨምሮ።

ስለዚህ ከዘራቸውን ምሰሶው ላይ አስደግፈው ማርሚታው ሥር ሲጎነበሱ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል ብዬ ወንበር ላመጣ ሮጥኩ።

የማርሚታው አንድ ቡሎን ዝጎ ከቤቱ ጋር አንድ ሥጋ ሆኗል። ዝገት ማላቀቂያ ቅባት ስነፋበት ከርሜያለሁ፤ በመፍቻ ብለው፣ በፒንሳ ብለው፣ ወይ ፍንክች። ራሱ ሊላጥ ትንሽ ነው የቀረው። አጎቴ በአውራ ጣታቸው ዳበሱትና «እሳት አለህ?» አሉ። የጋዝ መለኰሻ ሰጠኋቸው። ነበልባሉን ቡሎኑ ላይ ሳይሆን ዙሪያውን ያለው ብረት ላይ እያዞሩ አሞቁት። ብረቱ መጀመሪያ ወደ ገለባ ቀለም፣ ቀጥሎ ወደ ሰማያዊ አደላ። ያኔ እሳቱን አራቁና «ሰም» አሉ። ልጄን ላክናት፤ ይዛ የወረደችው እናቷ ለአርብ ማታ ያስቀመጠችውን ሻማ ነው። አጎቴ የሻማውን ጫፍ ቡሎኑ ሥር አስነኩት። ጢስ ብሎ ቀለጠና፣ እየሰረሰረ በጥርሶቹ መካከል ሲጠፋ በዓይናችን አየነው። ቅባቱ ያልገባበት ቦታ ሰሙ ገባ። ከዚያ መዶሻ አነሡ፤ ሊመቱት ነው ብዬ ስሸማቀቅ፣ ቡሎኑን ራስ ራሱን፣ ሕፃን የሚያስተኙ ይመስል፣ ቸብ ቸብ አደረጉት። «አሁን ፍታው» አሉኝ። በሁለት ጣቴ ወጣ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አለቃው ተለወጠ። እኔ ካቻቢቴ አቀባይ ሆንኩ።

ችግር የመጣው ከሰዓት በኩል ነው። የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ፣ እኛ ቫአድ የምንለው፣ መግቢያው ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል፤ ከ2 እስከ 4 ሰዓት የዕረፍት ጊዜ ስለሆነ ድምፅ ማሰማት ክልክል ነው ይላል። አጎቴ ዕብራይስጡን ባያነቡትም ቁጥሩን ያነባሉ። ደንብ አክባሪም ናቸው። ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት፣ ማለትም አገሩ ሁሉ ሥራ ላይ ሳለ፣ ምሰሶው ሥር ቡናቸውን ይዘው በጸጥታ ይቀመጣሉ፤ የልጅ ሳቅ እንኳ ቢሰሙ «እሽ!» ይላሉ። ሠፈሩ ምሳውን በልቶ፣ መስኮቱን ዘግቶ ጋደም ሲል በእሳቸው ሰዓት ስምንት ሆኗል፤ መዶሻቸውን ያነሣሉ።

የቫአዱ ሰብሳቢ በሌሊት ልብሷ ወረደች። የሰዓቱን ነገር ከኛ አቆጣጠር ጀምሬ ላስረዳት ሞከርኩ፤ ፀሐይ ስትወጣ ቀኑ ይጀምራል፣ ስለዚህ አንድ ሰዓት ማለት … እስከዚህ ድረስ ብቻ ነው የሰማችኝ። ያለችውን ለአጎቴ ተረጎምኩላቸው።

«ንገራት» አሉኝ። «ጎንደር ብረት ስንቀጠቅጥ፣ ሌሊት ጅብ ትሆናላችሁ አሉን። እዚህ ደግሞ ቀኑንም በሰዓት ከፈሉብን። ጅብነቱ ይሻል ነበር፤ ሌሊቱ የራሳችን ነበር።»

ይህን አልተረጎምኩም። በምትኩ ስለ አያሎን አነሣሁባት። ረሆቮት የብረት ድምፅ እንግዳ የሚሆንባት ከተማ አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. ከ1945 እስከ 1948 እንግሊዞች አገሩን ይዘው ሳለ፣ እዚሁ የኪቡጽ ኮረብታ የሚባለው ቦታ ላይ፣ ከመሬት በታች አያሎን የተባለ የጥይት ፋብሪካ ነበር። ከሁለት ሚሊዮን በላይ ጥይት ተመርቶበታል። መግቢያው በልብስ ማጠቢያ ማሽን ተሸፍኖ፣ ከላይ ማጠቢያ ቤትና ዳቦ መጋገሪያ ነበረበት፤ ድምፁን የሚውጠው የማጠቢያው ጩኸት ነው። ዛሬ ሙዚየም ነው። «እንግሊዝ ያልሰማውን አንቺ ሰማሽ» አልኳት።

«እነሱ ከላይ ልብስ ያጥቡ ነበር» አለችኝ። «እናንተ ለሕንፃው ምን ታደርጋላችሁ?»

ጥያቄው ተገቢ ስለነበር ተደራደርን። የሕንፃው የብረት በር ማጠፊያው ወልቆ፣ ሲከፈትም ሲዘጋም ሰፈር ይቀሰቅሳል፤ ኮሚቴው ባለሙያ ልጥራ እያለ ገንዘብ ማዋጣቱ ላይ ሲጨቃጨቅ ከርሟል። አጎቴ ከአሮጌ የሞተር ኩሽኔታ አዲስ ማጠፊያ አወጡለት። በሩ ዝም አለ። ስሕተቱ እዚህ ላይ ነው፤ የኔ ሳይሆን የበሩ። ቢጮህ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።

በማግስቱ የሕፃን ጋሪ መጣ፣ ጎማው የወለቀ። ከዚያ የገበያ ጋሪ። ከዚያ እጀታዋ የተነቀለ ድስት፤ ባለቤቷ የሞሮኮ ተወላጅ የሆኑ አሮጊት ናቸው፣ ከአጎቴ ጋር የጋራ ቋንቋ የላቸውም፣ ግን ሁለቱም ድስቱን እያዩ ጭንቅላታቸውን ሲነቀንቁ ተግባብተዋል። ሰብሳቢዋ ራሷ የአበባ መቁረጫ መቀሷን ይዛ ወረደች፤ ከስምንት እስከ አስር ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነበር፣ አይቻታለሁ። ሆንዳዋ የአጎቴ ሱቅ ምልክት ሆነች። እኔ «የኔስ?» ስላቸው፣ «አንተ ዘመድ ነህ፣ ትጠብቃለህ» ይሉኛል።

ካርቡራተሮቹን ለብቻዬ ያዝኩ። አራት ናቸው፤ የሆንዳ መሐንዲሶች የቪ ቅርጽ ባለው ሞተር መካከል ሲወትፏቸው ይወጣሉ ብለው አላሰቡም። ፈታትቼ፣ ክፍሎቹን በእንቁላል መያዣ ካርቶን ደርድሬ፣ አቧራ እንዳይነካቸው ሕንፃው ሥር ባለው መጠለያ መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኳቸው። ሰኔ 2025 የኢራን ሚሳይሎች መምጣት ሲጀምሩ ጎረቤት ሁሉ ሌሊት ሌሊት እዚያው ወረደ፤ አንዱ ሚሳይል እኛው ከተማ ቫይዝማን የሳይንስ ተቋም ላይ ወድቆ ቤተ ሙከራዎችን አወደመ። ሳይረን ጮሆ፣ ሕፃን አልቅሶ፣ አጎቴ መዝሙረ ዳዊታቸውን በቃላቸው ሲያንበለብሉ፣ ከኪየቭ የመጣው ጡረተኛ መሐንዲስ ጎረቤቴ ካርቶኑን አየ። መነጽሩን አደረገ። ወጣት ሳለ ኪየቭ የምትሠራዋን ድኔፕር ሞተር ሳይክል ይነዳ ነበርና ዓይኑ በራ። አንዷን የቤንዚን መርጫ አንስቶ ወደ አምፖሉ ቀና አደረጋት። ብርሃን አያሳልፍም። ቀዳዳዋ ከመርፌ ጫፍ ትቀጥናለች፣ ቫርኒሽ ደፍኗታል። «በወፍራም ሽቦ እንዳትነካት፣ ትሰፋለች» አለና የልጅ ልጁን የጊታር ክር፣ ቀጭኗን፣ አስመጣ። ከውጭ ሲያጓራ ክሯን እያመላለሰ፣ እፍ እያለ፣ ወደ አምፖሉ እያየ አነጻት። አደጋው ማለፉ ሲነገረን ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ወጣ፤ እሱ «አንዲት ቀርታኛለች» ብሎ ቀረ።

አንድ አርብ ከሰዓት፣ ሻማ ሊበራ ጥቂት ሲቀረው፣ ሞተሪኖውን ተጫንኩት። አንገራገረች፣ ሳለች፣ ጥቁር ጢስ ለቀቀች፣ ተነሣች። ሰው ከየበረንዳው አጨበጨበ። አጎቴ ግን ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው «አንዱ ሰንፏል» አሉ። ከሲኒያቸው ሥር የቀረውን ውኃ በጣታቸው እየነከሩ አራቱን የጢስ ቱቦ በተራ ረጩ። ሦስቱ ላይ ጤሰ። አራተኛው ላይ ውኃው ዝም ብሎ ተንጠለጠለ። የካንዴላው ገመድ ነበር።

በእስራኤል ሠላሳ ዓመት የሞላው ተሽከርካሪ በሰብሳቢዎች ንብረትነት ሊመዘገብ ይችላል፤ የእኛዋ በ2025 ሞላት። ይህን ለአጎቴ ስነግራቸው፣ «ሠላሳ ዓመት ቅርስ ካሰኘ እኔን የሚመዘግበኝ ቢሮ የትኛው ነው?» አሉኝ። ፈልጌ እነግርዎታለሁ ብያለሁ።

አሁን የቀረን ዓመታዊው ምርመራ፣ ቴስቱ፣ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ያለ ግራ መስታወት አያልፉም። የዚህች ሞተር መስታወቶች ከነሽፋናቸው በግፊት የሚገጠሙ ናቸው፤ ትንሽ ሲነኳቸው ዘለው ይወድቃሉ፣ የግራው የት እንደወደቀ የሚያውቁት የዶሮ ቤቱ ዶሮዎች ናቸው። አጎቴ ከቆርቆሮ ቀጥቅጬ ላውጣልህ እያሉ ነው፤ ልኬቱንም ወስደዋል። ስለዚህ የኤስቲ 1100 የግራ መስታወት ከነሽፋኑ ያላችሁ፣ ወይም ያለው ሰው የምታውቁ፣ ቆርቆሮው ሳይቀድማችሁ ቂርያት ሞሼ ድረሱልኝ። ቡና አለ። የተሰበረ ድስት ካላችሁም ይዛችሁ ኑ፣ ወረፋ ትይዛላችሁ። ቅዳሜ ግን አይሁን፤ ከ2 እስከ 4 ሰዓትም አይሁን፣ በየትኛውም አቆጣጠር።