ፍሬን ለፈሪ

ማርሽ የላትም። ፔዳሏና የኋላ ጎማዋ በካቴና ተቆራኝተው አይለያዩም፤ ጎማው ከዞረ እግርህ ይዞራል፣ ወደድክም ጠላህም። ቁልቁለት ሲመጣ እግርን አሳርፎ ነፋስ መቀበል የሚባል ነገር እሷ ዘንድ የለም። ስሟ ፊክስድ ጊር ነው፣ ቋሚ ጥርስ እንደማለት፤ ወዳጆቿ ሲያቆላምጧት ፊክሲ ይሏታል። የብሩክሊንን፣ የሳን ፍራንሲስኮን፣ የለንደንንና የበርሊንን ወጣት ልብ የሰረቀችው በሌላት ነገር ብዛት ነው። ማርሽ የለ፣ የሽቦ ጋጋታ የለ፣ የሚበላሽ የለ፣ ወጪ የለ። ወጣቱም ይህን የመሰለ ወጪ አልባ ሕይወት አግኝቶ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ በየወሩ በክሬዲት ካርድ ያሻሽለዋል።

አንተም ወዳጄ ወደዚህ ማኅበር ለመግባት ልብህ ከከጀለ ደጁ ሰፊ ነው። አሜሪካ ውስጥ ለጀማሪ የሚሆኑት ከ300 እስከ 500 ዶላር ይገኛሉ፤ በካርቶን ታሽገው ደጅህ ድረስ ይመጣሉ። ምርጫው ግን ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ቀለም። ካቴናው ከጎማው፣ ጎማው ከመሪው መጠቅለያ፣ መጠቅለያው ከጫማህ ጋር መስማማት አለበት። ቴላዮው ለቁመትህ ይስማማ አይስማማ ኋላ የሚታይ ነገር ነው። ያንተ ልክ 54 ሆኖ የወደድከው ወርቃማ ቀለም በ58 ብቻ ቢቀር፣ 58ቷን ግዛ፤ ሰው ከወደደው ቀለም ጋር ሲኖር እግሩ ይረዝማል። ቀጥሎ ብረት። ርካሾቹ ሃይ ቴን ከሚሉት ተራ ብረት ይሠራሉ፤ ሻል ያሉት ደግሞ ክሮም ሞሊ ከሚባለው፣ ጠንከር ካለውና ስስ ሆኖ መሠራት ከሚችለው። እነዚህኞቹ ላይ 4130 የሚል ቁጥር ተለጥፎ ታገኛለህ። ቁጥሩን እንደ ክታብ ያዘው። ከቤትህ እስከ መሥሪያ ቤትህ ያለው መንገድ ልዩነቱን ባይነግርህም፣ መብራት ላይ አጠገብህ የሚቆመው ባለፊክሲ ያነበዋል፤ ቁም ነገሩም እሱ ነው።

ካርቶኑ በተከፈተ ማግስት ማሻሻል ይጀመራል። «ገና ሳትነዳት ምኗ እንደሚሻሻል በምን አወቅህ?» የሚል አጉል አዋቂ አይጠፋም፤ አትስማው። በቅድሚያ ቸርኬዎቹ ይለወጣሉ። አብረዋት የመጡት መዞር ይችላሉ፣ ከመንገድ ማዶ መታየት ግን አይችሉም። ከዚያ ፔዳሉን የያዘው ክራንክ፣ ከዚያ መሐሉ ላይ ያለው ኩሽኔታ፣ ከዚያ መሪው። መሪው በውድ ይገዛና ሁለቱ ጫፎቹ በመጋዝ ይቆረጣሉ፤ በመኪኖች ስፖኪዮ መካከል ለመሹለክ ከትከሻ መጥበብ አለበት። ከዚያ የመቀመጫው ዘንግ በካርቦን ይተካል። 100 ግራም ቀነሰች ተብሎ ደስታ ይሆናል። ይህን 100 ግራም የቀነሰው ሰው፣ ብስክሌቱ እንዳትሰረቅበት ቀበቶው ሥር የሚሸጉጠው የብረት ቁልፍ ሁለት ኪሎ ይጠጋል። በሒሳብ አትድከም፤ ቁልፉ የከበደው ብስክሌቷ ስለተወደደች ነው፣ የተወደደችው ስለቀለለች ነው፣ እንግዲህ የቁልፉ ክብደት የመቅለሏ ማስረጃ መሆኑ ነው።

የማኅበሩ ሊቃውንት ግን በዚህ አይረኩም። ዓይናቸው ጃፓን ላይ ነው። በ1948 እ.ኤ.አ. ኮኩራ ከተማ ላይ ኬይሪን የሚባል የብስክሌት እሽቅድምድም ተጀመረ፤ እንደ ፈረስ ግልቢያ ሕዝብ ገንዘብ የሚያስይዝበት ነው። ገንዘብ ባለበት ተንኮል አይጠፋምና፣ ማንም ጋላቢ በዕቃ ብልጫ እንዳያሸንፍ የብስክሌቱ ዕቃዎች ተመርምረው ኤንጄኤስ የሚል ማኅተም ይመታባቸዋል። ሁሉም እኩል ይሁን ነው ነገሩ፤ የሚበላለጡት እግሮቹ ብቻ ናቸው። ይኸው ማኅተም ውቅያኖስ ተሻግሮ ብሩክሊን ሲደርስ ባለቤቱን ከሰው የሚለይ ኒሻን ሆነ። ማኅተም ያረፈበት ክራንክ ብቻውን፣ ለጀማሪዋ ብስክሌት ከወጣው ገንዘብ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይለካካል። ኬይሪን ላይ ፍሬን የለም፤ እውነት ነው። እዚያ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይዞራሉ፣ መታጠፊያው ተዳፍቶ ተሠርቷል፣ ፊት ለፊት ድንገት የሚቆም የለም፣ የቆሻሻ መኪና ወደ ኋላ አይመጣም፣ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ አስፋልት የሚያቋርጥ ሰውም የለም። እነዚህን ጥቃቅን ልዩነቶች ችላ ካልናቸው ብሩክሊን ማለት ቁርጥ ኮኩራ ናት።

ስለዚህ ፍሬኑ ይነቀላል። ከማሻሻያው ሁሉ በነፃ የሚገኘው ይህ ብቻ ስለሆነ ማንም አይቀርበትም። ታዲያ በምን ይቆማል? ጥበቡ እዚህ ላይ ነው። ከመቀመጫህ ብድግ ብለህ ክብደትህን መሪው ላይ ታጋድማለህ፤ ሁለቱ ፔዳሎች አግድም ሲመጡ የኋላውን እግር በፔዳሉ ማሰሪያ ወደ ላይ ትስባለህ፣ የፊቱን ትጫናለህ፣ እግርህን ድርቅ ታደርጋለህ። የኋላው ጎማ መዞሩን ያቆምና አስፋልቱ ላይ እየተላጠ ይንሸራተታል። ድምፁ ያምራል፤ አላፊ አግዳሚው ዞር ይልልሃል። ፊዚክስ የሚባል ምቀኛ ግን አይተኛም። ብስክሌት ለመቆም ሲታገል ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀልላል፤ በኋላ ጎማ ብቻ የሚቆም ሰው ደህና የፊት ፍሬን ካለው ሰው እጥፍ ያህል መንገድ ይበላል። ከቆጡ አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለሌላ ሰው ነው፤ ይኼኛው ከቆጡም ያወረደው የለም።

ጎማውስ? የፊቱ ጥርስ 48፣ የኋላው 16 ከሆነ፣ ሲካፈል ያለ ቀሪ ሦስት ይመጣል፤ እግርህን በአንድ አኳኋን በቆለፍክ ቁጥር ጎማው የሚላጠው እዚያው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ውስጡ ይታያል። የፊቱን 47፣ የኋላውን 17 ካደረግክ ግን የሚላጠው ቦታ 17 ይሆንና ጎማው በእኩል ያረጅልሃል። የትምህርት ጥቅም ይሉሃል ይህ ነው! ስድስተኛ ክፍል ክፍልፋይ አልገባ ብሎት ያለቀሰ ልጅ፣ የትኛው ቁጥር ለየትኛው እንደማይካፈል ዛሬ በቃሉ ይወጣዋል። የ20 ዶላር ፍሬን ይህን ሁሉ ስሌት እንደሚያስቀር ግን እስካሁን ያሰላ የለም።

ቀይ መብራት ደግሞ የራሱ ሥርዓት አለው። እግር መሬት መንካት የለበትም። ፔዳሉን ወደ ፊት ገፋ፣ ወደ ኋላ መለስ እያደረጉ እዚያው በዚያው ሚዛን ጠብቆ መንቀጥቀጥ ነው፤ ትራክ ስታንድ ይሉታል። ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የሚነዱ ወገኖቻችን ይህን ትርኢት ያለ ክፍያ ያዩታል። ዩ ስትሪት ላይ መብራት ይዞን ሳለ ሾፌራችን መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አንዱን በጥሞና ሲመለከት ቆየና፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ልጅ መሬት እርሙ ነው እንዴ? እግሩን ቢያሳርፍ ምን ይለዋል?» አለ። መብራቱ ሲለቅ ልጁ ተወረወረ። ቀጣዩ መብራትም ቀይ ነበር፤ አለፈው። መቆም አቅቶት ነው አልልም፣ ክብሩ አልፈቀደለትም እንበል። ሾፌሩ ፍሬኑን ቀስ አድርጎ ረገጠና፣ «በዚህ ከተማ ፍሬን ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ ማለት ነው» ብሎ ሬዲዮውን ከፈተ።

ሕግ አለ እንዳትለኝ። ሕግማ አለ። እንግሊዝ አገር ቋሚው የኋላ ጎማ እንደ አንድ ፍሬን ይቆጠርልሃል፤ የፊቱ ግን የግድ ነው። ኦሪገን ውስጥ ፖርትላንድ ላይ ደግሞ በ2006 አንዲት ብስክሌተኛ መልእክተኛ ያለ ፍሬን ስትነዳ ተከሳ ጠበቃ አቆመች። የእግሯ ጡንቻ ራሱ ፍሬን ነው ብለው ተከራከሩላት፤ ዳኛው አልተቀበሉትም። ዳኞች ለሥነ ውበት ዓይን የላቸውም። መልእክተኞቹን ግን እኔም ከሽሙጡ አወጣቸዋለሁ። ዝናብ ከፀሐይ ፖስታ ሲያመላልሱ ለሚውሉ ሰዎች የሚበላሽባት ነገር ያነሰች፣ ጥገናዋ የረከሰ ብስክሌት እንጀራ ናት። ለቡና ሁለት መንገድ የሚሻገረው ቢሮተኛ የእነሱን ብስክሌት ወርሶ፣ የእነሱን ቦርሳ አንግቶ፣ ደመወዛቸውን ብቻ ተወላቸው።

አባት የሌለው ማኅበር ነው እንዳይባል ደግሞ አንሪ ዴግራንዥ አለ፤ ቱር ደ ፍራንስን በ1903 ያስጀመረው ጋዜጠኛ። በ1902 ማርሽ መለዋወጥ 45 ዓመት ላለፋቸው ነው፣ ለእኔ ቋሚው ይሻለኛል የሚል ነገር ጽፏል። ያኔ ዕድሜው 37 ነበር፤ ማርሽ ለመልበስ ስምንት ዓመት ይቀረዋል። በእሱ ግትርነት የቱር ተወዳዳሪዎች አቀበት ሥር ሲደርሱ ወርደው፣ የኋላ ጎማቸውን ፈትተው፣ ገልብጠው፣ በሌላኛው ወገን ባለው ተለቅ ያለ ጥርስ ይወጡ ነበር። ማርሽ መለወጫ ቱር ላይ የተፈቀደው በ1937 ነው። ዛሬ ለጀማሪ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ያንኑ የሚገለበጥ ጎማ ይዘው ይመጣሉ፤ በአንድ ወገን ቋሚው ጥርስ፣ በሌላው እግር የሚያሳርፈው። የቱር ሰዎች ተራራ ባዩ ቁጥር ይገለብጡት ነበር። የእኛ ሰው አይነካውም፤ መገልበጥ ሃይማኖት መለወጥ ነው።

እውነተኛ ማሻሻያ የለም ማለቴ አይደለም። አለ፣ ግን ያሳፍራል። ቀጭኑን ጎማ በ28 ሚሊሜትር ደህና ጎማ መለወጥ። ጉልበት እንዲተርፍ የኋላውን ጥርስ ከ16 ወደ 18 ማሳደግ። የማይላላ የእግር ማሰሪያ። የኋላውን ጥርስ የምትይዘዋን ቀለበት በራሷ ቁልፍ ማጥበቅ፤ ይህች ቀለበት ከተለመደው በተቃራኒ ወደ ግራ ነው የምትጠብቀው፣ ያላወቀ ጀማሪ እያጠበቅኩ ነው እያለ ይፈታታል፣ ከዚያ አንድ ቀን እግሩን ሲያደርቅ ጥርሱ ተፈትቶ የርካሹን ሞዞ ጥርስ ላጭቶት ይሄዳል። ካቴናውን መሐሉ ላይ በጣት ሲነኩት ትንሽ ከፍ ዝቅ እስኪል ብቻ መወጠር፤ ከላላ ወልቆ ጎማውን ይቆልፋል። ደግሞም ጎማው እየዞረ ካቴናውን በጨርቅ አለመወልወል፤ ይህች ብስክሌት ጣት ከያዘች አትለቅም፣ የጫማ ክርም እንዲሁ። እንግዲህ ያንን የተነቀለውን ፍሬን መልሶ ማሰርም አለ። ሁሉም ተደምሮ 200 ዶላር ቢሞላ ነው። ጉዱ ግን አንዱም ፎቶ ላይ አይወጣም፤ ስለዚህ ማንም አያደርገውም።

ሁለት ዓመት ያህል ከተሻሻለች በኋላ ጉልበት መናገር ይጀምራል፤ በተለይ አቀበት ላይ። ያኔ ለሽያጭ ትቀርባለች። «2,000 ዶላር ፈሶባታል፣ በ700 ትሄዳለች፣ ዋጋ የሚያወርድ አይደውልልኝ» ይላል ባለቤቷ። በሦስተኛው ሳምንት በ450 ትሄዳለች። በገንዘቡ ለባለ 22 ማርሽ ብስክሌት ቀብድ ይከፍላል፤ እግር የምታሳርፍ፣ በሁለቱም ጎማ ፍሬን ያላት። ቸርኬዎቿን ግን ከአሁኑ አልወደዳቸውም።