ለየደጁ አንድ ኒውክሌር

አቦሉ ገና ሳይወርድ ነው የሚጀመረው። የህዳሴ ግድብ ይነሳል፣ ግብጽ ትከተላለች፣ ከዚያ አንዱ ሲኒውን ያስቀምጥና «ኒውክሌር ቢኖረን ኖሮ ማን ይነካን ነበር?» ይላል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ከመካነ ሰላም እስከ ማሻ፣ ከደሴ እስከ አዲስ አበባ ይህን ያልሰማሁበት ቡና የለም። ሰልችቶኛል። ስለዚህ እሺ ብያለሁ፤ ይሠራ።

እንዲያውም ለመንግሥት ብቻ መስጠት ስስት ነው። ፍርሃት ሰላም የሚወልድ ከሆነ ለእኛም ይውለድልን። ማሻ ላይ ድንበር የሚገፋፉ ሁለት ጎረቤቶች አሉ እንበል። ለአያ እገሌ አንድ፣ ለዚያኛውም አያ አንድ ይታደላቸው። ሽማግሌ መላክ፣ ጠበቃ ማቆም፣ ወረዳ መመላለስ ቀረ። አንዱ ቀድሞ ቢተኩስስ? የዘርፉ ሊቃውንት መልስ አላቸው፤ መጠባበቂያ ይቀበራል። አንዱ ከገብስ ክምሩ ሥር፣ አንዱ ከበረቱ። ጎረቤትየው ይህን ሲሰማ ሦስተኛ ይገዛል። ሌሊት ባልና ሚስት እየተፈራረቁ ቁልፉን ይጠብቃሉ። ጅብ በረቱን ሲነካ ጎረቤት መስሏቸው እንዳይጫኑት፣ ለጅቡም ቀይ ስልክ ይዘረጋለታል። ሠርግ ሲደርስ ሁለቱ ባለቦምቦች ጠላ እንዳይቀምሱ ስምምነት ይፈረማል፤ ተቆጣጣሪ ከውጭ መጥቶ ጋኑን ያሽጋል። የአንደኛው አማች ከሳይንት መጥቶ ሁለት ቀን ቢያድር የኃይል ሚዛኑ ተናጋ ተብሎ መንደሩ ይሰበሰባል። እድሩም ደንቡን ያሻሽላል፤ ድንኳን መግዛት ይቀራል፣ ለቅሶ የሚደርስ አይተርፍማ።

አስፈሪነቱም የተመሰከረ ነው። እስራኤል ቦምብ አላት እየተባለ ግብጽና ሶርያ እ.ኤ.አ. በ1973 ጦርነት ከፈቱባት። እንግሊዝ ቦምቧን ታቅፋ አርጀንቲና በ1982 ፎክላንድን ያዘችባት። ህንድና ፓኪስታን በ1998 ሞከሩ፤ በዓመቱ ካርጊል ላይ ተታኮሱ።

እዚሁ ደቡብ ወሎም ምስክር አለ። አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያስሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ ያን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን መድፍ፣ ገደል ለገደል አስጎትተው መቅደላ አወጡት። የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር በ1860 ዓ.ም. ጦር ይዞ መጣ። አልፈራም። መድፉ ዛሬም እዚያው ጋደም ብሏል።

ወጪውስ? የፓኪስታኑ ዙልፊካር አሊ ቡቶ፣ ሕዝባችን ሳር ቢበላም ቦምቡን እንሠራለን ብለው ነበር። ይህን ለወሎ ሰው ማስረዳት አይከብድም። በ66ም በ77ም የረሃቡን ድርሻ አስቀድሞ ከፍሏል፤ የቀረው ቦምቡ ብቻ ነው።

አሁንስ ሽሙጡ ይብቃኝ። ይህ መሣሪያ ሕፃንና ሽማግሌ ሳይለይ ከተማ ሙሉ ሰው ማቃጠያ ነው። ሂሮሺማን አንድ ቦምብ በአንድ ጠዋት አወደማት። እሱን የሚመኝ ሰው አገር ወዳድ አይደለም፤ መነጋገር የታከተው ነው።

ይህችው የጣሊያን መርዝ ጋዝ የዘነበባት አገራችን ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1961 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ሌሎችን አስተባብራ፣ ኒውክሌር መጠቀም ቻርተሩን የሚጥስ፣ በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው የሚል ውሳኔ አስወስናለች። 55 ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፤ ከተቃዋሚዎቹ መካከል አሜሪካና እንግሊዝ ነበሩ። የኒውክሌርን መስፋፋት የሚከለክለውን ስምምነት በ1970፣ አፍሪካን ከኒውክሌር መሣሪያ ነጻ የሚያደርገውን የፔሊንዳባ ስምምነት በ2008 አጽድቃለች። ፔሊንዳባ ለፊርማ የቀረበው በ1996 ካይሮ ላይ ነው። ግብጽ ፈረመች፣ ግን አላጸደቀችም።

ካይሮን አንድ ነገር ማለት ያማረው ሰው ይህን ይጠይቃት። ለዚህ ዩራኒየም አያስፈልግም፤ አፍ ይበቃል።