ቪዛ የማይጠየቀው እንጀራ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካሉት የሐበሻ ሱቆች ገብቶ «ጤፉ የአገር ቤት ነው?» ብሎ የማይጠይቅ የለም። ባለሱቁም ዓይኑን በጨው አጥቦ «የአዳ ማኛ ነዋ!» ይላል። አንዳንዱ ማኛ ግን ትውልዱ አይዳሆ ነው፤ አዳን በዓይኑ አላያትም። በላተኛው ቀምሶ «አይ የአገር ቤት ነገር!» ይላል፤ ይበል፣ ምን ቸገረን።

ኢትዮጵያ በ2006 እንደ ፈረንጆቹ ጥሬ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስታግድ፣ የተጋገረውን አልከለከለችም። ስለዚህ እንጀራ ማታ ከቦሌ ይሳፈርና በማግስቱ ዋሽንግተን ይገባል፤ ኤምባሲ በር ሳይሰለፍ፣ የባንክ ደብተር ሳያሳይ። ጋጋሪዋ ቪዛ ብትጠይቅ ግን «ለመመለስሽ ምን ማስረጃ አለሽ?» ትባላለች።

የበርበሬው መንገድ ደግሞ የዘመድ ሻንጣ ነው። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ሁሉም የሰው አደራ፦ ኮረሪማው የጎረቤት፣ ኮሰረቱ የክርስትና እናት፣ በፌስታል ላይ ፌስታል ተደርቦ የታሰረው ሽሮ «ትንሽ ነገር ናት» የተባለለት። ለባለቤቱ የሚተርፈው ካልሲው ነው፤ እሱም በርበሬ በርበሬ ይሸታል።

ወገኔ፣ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ስታገኝ መጀመሪያ «በሰላም ግባ» በለው። ኪሎውን ከዚያ ትጠይቀዋለህ።